ቤት ኪራይ ፍለጋ፦ በዓይን፣ በጆሮና በወረቀት

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ የሰው ልጅ ሦስቱ መሠረታዊ ፍላጎቶች መሆናቸውን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን ተምረናል፤ ነገም እኛው በተራችን ለልጆች እናስተምረዋለን። ሆኖም ስለ ሦስተኛው ፍላጎት፣ ማለትም ስለ መጠለያ፣ በመማሪያ መጽሐፎቻችን ያልተጻፈ አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም በትልቅ ከተማ ውስጥ በጀማሪ መምህር ደመወዝ የሚከራይ ቤት እንዴት ይገኛል? ከተገኘስ በኋላ እንዴት ይኖሩበታል? የሚለው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። የትምህርት ጉዳይም ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ዕቃውን ጭኖ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዞር መምህር የትምህርት ዕቅዱን በደንብ ሊያዘጋጅ አይችልም። ሌሊቱን "ነገ ውጣ ይሉኝ ይሆን?" እያለ ሲገላበጥ ያደረ ሰው ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ሲቆም ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ስለሆነም ከመመረቃችን በፊት እኛ እጩ መምህራን ስለዚህ ነገር ብንወያይ ይጠቅመናል በማለት ይህንን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ቤት የሚከራይ ሰው አራት ግድግዳ ብቻ አይከራይም፤ ጎረቤትም አብሮ ይከራያል። ስለዚህ ቤቱን በዓይን፣ ጎረቤቱን በጆሮ፣ ስምምነቱን ደግሞ በወረቀት መመርመር ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቤት ተገኘ ማለት አይቻልም።

ለምሳሌ የወሰድነው ሰፈር

ለምሳሌነት የመረጥነው የአዲስ አበባውን አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ዛሬ 11 ክፍለ ከተሞች ሲኖሯት አዲስ ከተማ በስፋት ከትንንሾቹ፣ በሕዝብ ጥግግት ግን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። መርካቶ የሚገኘው እዚሁ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ግን ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ በምንለው ሥፍራ አደረጉት።

ገበያ ባለበት ሰው ይሰበሰባል። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወለጋ፣ ከጋሞ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርና ከሌላም አገር የመጣ ሰው እዚህ ይነግዳል፣ እዚህ ይኖራል። የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በአንድ አየር ላይ ይሰማሉ። ከክፍለ ሀገር የሚመጣውም እንግዳ ለረጅም ዘመን ከአውቶቡስ ሲወርድ የመጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፈው አውቶቡስ ተራ ነበር። እንግዲህ ቤት ፈላጊም፣ ቤት አከራይም፣ ደላላም፣ አጭበርባሪም በአንድነት የሚገኝበት ሰፈር ነው ማለት ነው። እዚህ ቤት ማግኘት የቻለ ሰው ሌላም ቦታ አይቸገርም።

ምን ዓይነት ቤቶች አሉ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የቤቶቹን ዓይነት መለየት ይገባል።

ሀ) የቀበሌ ቤት፦ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ የግል አከራይና ተከራይ የሚባለውንም ግንኙነት አስቀረ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ዛሬ የሚያስተዳድረው ወረዳው ቢሆንም ሕዝቡ ስሙን አልቀየረም፤ አሁንም "የቀበሌ ቤት" ይለዋል። ኪራዩ እጅግ ርካሽ ስለሆነ የያዘው ሰው አይለቅም። ስለዚህ ለእኛ ዓይነቱ አዲስ መጪ የሚደርሰው በጀርባ በር ነው፤ ማለትም የያዘው ሰው አንዷን ክፍል ከፍሎ ያከራየዋል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ቤቱ የመንግሥት ነውና ኪራይ ከፋዩ መልሶ ለሌላ ሰው እንዲያከራይ አይፈቀድለትም። እናንተም በወረዳው መዝገብ ላይ ስም የላችሁም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እንደታየው፣ አንድ አሮጌ ሰፈር ሲነሳ ምትክ ቤት የሚጠይቀው ስሙ በመዝገብ ያለው ሰው ነው፤ ከጓሮ የተከራየው ዕቃውን ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለ) ሰርቪስ፦ በአንድ የግል ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ወይም ጎን በተርታ የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። አብዛኛው መምህር የሚከራየው ይህንን ነው። በአዲስ ከተማ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰርቪሱም ጠባብና ውድ ነው፤ ወደ ኮልፌ፣ ወደ አየር ጤናና ወደ ዓለም ባንክ በወጡ ቁጥር ግን ሰፋና ረከስ ይላል።

ሐ) ኮንዶሚኒየም፦ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. በተደረጉት ምዝገባዎች ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ቤታቸውን ያከራያሉ። የራስ ሽንት ቤትና የራስ ቆጣሪ ስላለው ይመረጣል። ነገር ግን እንደ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ያሉት ትልልቅ መንደሮች ከመሀል ከተማ ርቀው ነው የተሠሩት። በተጨማሪም የላይኛው ፎቅ ላይ ውሃ በግፊት ማነስ የማይደርስበት ቀን ስላለ፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን መሸከም አለ።

መ) ደባል፦ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ አንድ ክፍል መከራየት ማለት ነው። ለጀማሪ መምህር ከሁሉም የሚያዋጣው ይኸው ነው። ደባል ግን እንደ ትዳር ነው፤ የገንዘብ፣ የንጽሕናና የእንቅልፍ ሰዓት ስምምነት አስቀድሞ ካልተደረገ በአንድ ወር ውስጥ ጠብ ይመጣል።

ፍለጋው

ቤት በሁለት መንገድ ይገኛል፦ በደላላና በሰው።

ደላላ ሥራው ነው፤ ሁሉም አታላይ ነው ማለት አይገባም። ይሁን እንጂ ከደላላ ጋር ስንሄድ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ቤቱን ከማየታችን በፊት ቁርጥ አድርገን እንነጋገር። ሁለተኛ፣ ቤት ለማሳየት ብቻ ተብሎ ገንዘብ አይሰጥም። ሦስተኛ፣ የደላላው ድርሻ የሚከፈለው ቁልፉ እጃችን ከገባ በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለደላላ ቀብድ አይሰጥም፤ ቀብድ የሚሰጠው ለባለቤቱ፣ ያውም በደረሰኝ ወይም በባንክ ብቻ ነው። አንዱን ክፍል ለአምስት ሰው አሳይቶ ከአምስቱም ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ ሰው በየሰፈሩ አለ። "አሁኑኑ ካልከፈላችሁ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ሲባል ልባችን ይደነግጣል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሰው ነው። የጉልት ነጋዴዋ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ የሱቁ ባለቤት፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ እነዚህ ሁሉ በሰፈሩ ማን እንደለቀቀና ማን እንደገባ ያውቃሉ። "እትዬ፣ እዚህ አካባቢ የሚከራይ ክፍል ይኖር ይሆን? እኛ መምህራን ነን" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። በአብዛኛው ሰፈር አሁንም መምህር ይከበራል፤ "አስተማሪ ሰላማዊ ነው፣ ልጆቼንም ያስጠናልኛል" የሚል አከራይ ብዙ ነው። ልጅ የማስጠናቱ ነገር ግን በኪራዩ ውስጥ የሚታሰብ ይሁን አይሁን አስቀድሞ መነጋገር ያሻል፤ አለዚያ በየማታው ነፃ ትምህርት ሲሰጡ መክረም ይመጣል።

በዓይን መመርመር

ቤት በምሽት አይታይም፤ በአንድ ጊዜም አይታይም። አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማታ ሰፈሩ ውስጥ ማለፍ ጥሩ ነው። ክረምት ከሆነ ዝናብ በዘነበ ማግሥት መሄድ ይበልጥ ያስተምራል። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ካርታ የመሰለ ምልክት ካለ ጣራው ያፈሳል ማለት ነው። ግድግዳው ከታች በኩል ካበጠና ቀለሙ ከተላጠ እርጥበት አለው፤ መጽሐፍና ደብተር ይሻግታል።

ቀጥሎ ውሃ። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ "ውሃ አለ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የግቢው ማጠራቀሚያ ለተከራይም ነው ወይስ ለዋናው ቤት ብቻ?" ብለን እንጠይቅ። መብራትም እንዲሁ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በሰው ቁጥር ይካፈላል ወይስ በክፍል? ምጣድ መሰካት ይፈቀዳል? ብዙ አከራዮች ምጣድና የልብስ ካውያ ይከለክላሉ፤ ይህን የሰማነው ከገባን በኋላ ከሆነ ጠቡ የማይቀር ነው። ሽንት ቤቱን ደግሞ ገብቶ ማየት ነው እንጂ ከሩቅ "እዚያ ነው" ሲሉ አንገት መነቅነቅ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ የሕይወትና የሞት ጉዳይ አለ፤ መስኮት። ብዙ ርካሽ ክፍሎች መስኮት የላቸውም። ብርድ ሲሆን ወይም ቡና ሲፈላ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን የሚዘጋ ሰው አለ። ከሰል በቂ አየር በሌለበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ከደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያም እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ሳይነቃ ይቀራል። "ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን ምንም አያደርግም" የሚባለው አነጋገር ስሕተት ነው፤ የቀላው ፍምም ጋዙን ያወጣል። ስለዚህ ከሰል ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። መስኮት የሌለውን ክፍል ደግሞ በነፃ ቢሰጡንም እምቢ ማለት ይሻላል።

ርቀትም በዓይን የሚመረመር ነገር ነው፤ ይልቁንም በሒሳብ። ለምሳሌ ያህል፣ ቁጥሩን ለስሌት እንጂ ለዋጋ ማስረጃ አትውሰዱት፣ አንዱ ቤት ሩቅ ሆኖ ኪራዩ 3,000 ብር ነው እንበል። ለታክሲ በአንድ ጉዞ 40 ብር ቢወጣ፣ በቀን ሁለት ጉዞ 80 ብር፣ በወር 22 የሥራ ቀን 1,760 ብር ይሆናል። በጠቅላላው 4,760 ብር ማለት ነው። ሌላው ቤት በእግር የሚያስኬድ ሆኖ ኪራዩ 4,500 ብር ቢሆን "ውድ" የተባለው ቤት በ260 ብር ረከሰ ማለት ነው! በዚያ ላይ ለታክሲ ሰልፍ የሚባክነው ሰዓት ለደብተር እርማት ይተርፋል። እንግዲህ ኪራይን ለብቻው ማየት ግማሹን ሒሳብ መሥራት ነው።

በጆሮ መመርመር

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት ቤተሰብ በሚኖርበት ሰፈር ጎረቤት የቤቱ አንዱ ክፍል ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ጆሮን መጠቀም ነው። የተሻለው ምስክር ከቤቱ የሚወጣው ተከራይ ነው፤ "ለምን ለቀቅህ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናል። እሱ ካልተገኘ በጎን ያለውን ተከራይ መጠየቅ ነው። በር በስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ማሳደር ይቻላል? ልብስ የሚታጠበው በየትኛው ቀን ነው? ባለቤቶቹ እዚሁ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ?

በአዲስ ከተማ ዓይነቱ ሰፈር ደግሞ የተለየ ዕውቀት ያስፈልጋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ረመዳን የሚጾምና ሁዳዴ የሚጾም ጎን ለጎን ይኖራል። አንዱ ከንጋቱ በፊት ለስሁር ይነሳል፤ ሌላው ለኪዳን ይነሳል። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ስለሚለያይ ድስትና ቢላ መዋዋስ ላይ መጠየቅ ይገባል። ይህ ችግር አይደለም፤ ወግ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ይህን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ለዒድ የክርስቲያን ጎረቤት "እንኳን አደረሳችሁ" ይላል፤ ለፋሲካ ደግሞ ሙስሊሙ። ቡናው የጋራ ነው። አዲስ የገባ ተከራይ ለቡና ሲጠራ "ሥራ አለብኝ" እያለ ሦስት ጊዜ ከቀረ በሰፈሩ ሒሳብ እሱ የለም ማለት ነው፤ ታምሞ ቢተኛ የሚያንኳኳበት ላይገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አከራይዋ ቡናቸውን እየጠጡ "ልጄ፣ አገርህ ወዴት ነው?" ይላሉ። ይህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጨዋታ ነው፤ "እማማ፣ እኔ የነቀምቴ ልጅ ነኝ" ሲባል "አይ የማር አገር!" ብለው ያልፋሉ። ሌላው ግን ወንፊት ነው፤ መልሱ ካልጣማቸው "ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል" ይባላል። በየስልክ እንጨቱ ላይ ከሚለጠፈው ማስታወቂያም ውስጥ ለዚህ ሃይማኖት፣ ለላጤ ሴት ብቻ፣ ልጅ ለሌለው የሚል አይጠፋም። ከእኛም መካከል በስሙና በአነጋገሩ ምክንያት ሦስት በር የተዘጋበት ጓደኛ አለ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመኖር ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ሆኖም በአንድ ሰርቪስ ቤት በር ላይ ቆሞ አንቀጽ መጥቀስ ቁልፍ እንደማያስገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት የሚሻለው ስምንና አገርን ሳይደብቁ መናገር ነው። ተደብቆ የተገባበት ቤት በየቀኑ ያስጨንቃል፤ ደግሞም የፈራነውን ወንፊት ራሳችን እንደማጽደቅ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያውቁንን ሰዎች፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ወይም የሰፈሩን የእድር ሰው፣ በምስክርነት ማቅረብ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አከራዩ የሚፈራው የማያውቀውን ነውና።

ከዚህም ሌላ እኛ መምህራን ለመሆን የምንዘጋጅ ሰዎች ነን። የዚያ ግቢ ልጆች ነገ በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። በቤት ኪራይ ጊዜ "የእኛ ሰው ብቻ" የሚለውን ዝም ብሎ የተቀበለ መምህር በክፍል ውስጥ ስለ እኩልነት ሲያስተምር ልጆቹ አያምኑትም። የራሳችን ደባል ስንመርጥም ይህንን ማስታወስ ነው።

በወረቀት መመርመር

በመጨረሻ ወረቀት። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ውል ምን ያደርጋል?" የሚባለው ከፍቅር ቢሆንም፣ ፍቅሩ የሚያልቀው ኪራይ በሚጨመርበት ቀን ነው። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። አዲስ አበባም ሥራ ላይ አውላዋለች። ለእኛ የሚጠቅሙን ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

1. ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ በሚመለከተው አካል ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። በአዲስ አበባ ምዝገባው የሚካሄደው በወረዳ ነው።

2. የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት ያነሰ ሊሆን አይችልም።

3. አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ "የስድስት ወር ካልከፈላችሁ" የሚለው አነጋገር ከሕግ ውጭ ነው።

4. ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው። ይህ ለተከራዩ ማስረጃ ይሆነዋል።

5. ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው።

አንዳንድ አከራይ ግብሩን ፈርቶ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ጻፉ፣ ቀሪውን በእጅ ስጡኝ ይላል። ይህ ለእኛ የሚበጅ ነገር አይደለም፤ በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ምስክር የለውም፣ ሐሰት በተጻፈበት ወረቀት ላይም ፊርማችን አለበት። ከመፈረማችንም በፊት ሰውየው በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑን በካርታው ወይም በውክልናው እንይ። የመብራትና የውሃ አከፋፈሉ፣ ጥገናው የማን እንደሆነ፣ በገባንበት ቀን የቤቱ ሁኔታ ምን እንደነበረ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። የተሰበረ መስታወት ካለ "የተሰበረ" ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ ስንወጣ ከእኛ ኪስ ይከፈላል። ከሌላ ቦታ የመጣን ደግሞ ከነበርንበት ወረዳ ወይም ቀበሌ መሸኛ ማውጣትን አንርሳ፤ ያለ እሱ የነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት ብዙ ያመላልሳል።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ቤትን ርካሽ አያደርገውም። ደመወዝና ኪራይ ሳይመጣጠኑ እስካሉ ድረስ ችግሩ በምክር ብቻ አይወገድም፤ ይህን መሸሸግ አንፈልግም። ነገር ግን ከችግሩ ላይ መታለልን፣ በከሰል ጋዝ መታፈንንና ያለ ውል መባረርን መቀነስ በእጃችን ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከዚህ ግድግዳ ጋዜጣ ጎን አንድ ባዶ ወረቀት ይሰቀል። ለልምምድ ወጥቶ የተመለሰ እጩ መምህር ሁሉ ያየውን ክፍል፣ ሰፈሩን፣ ኪራዩን፣ የውሃውን ሁኔታ ይጻፍበት፤ የአከራዩን ስም መጻፍ አያስፈልግም። ነባር መምህሮቻችንም የሚያውቁትን ይጨምሩበት። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ከማንኛውም ደላላ የበለጠ ዕውቀት ይሰበሰባል።

በአገራችን አዲስ ቤት የገባን ሰው ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ "ቤት ለእምቦሳ!" ይላል፤ ባለቤቱም "እምቦሳ እሰሩ!" ብሎ ይመልሳል። የተከራየ ሰውም ይህ ምርቃት ይገባዋል። ሁላችንም ውሃ ያለው፣ መስኮት ያለው፣ ውል ያለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራ ጎረቤት ያለው ቤት ይግጠመን።